በአንድ ሌሊት ወደ 2 ኪሎ ጨመርኩ፤ የትኛውን ቁጥር ልመን?

ልብስ ሰፊዋ (ድሬ ዳዋ፣ ሳቢያን)

ሰላም ለሁላችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። አሁን ከሚዛን ላይ ወርጄ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ዛሬም ልቤ ተሰብሯል። ያለፈበት ሰው ካለ እንዲመክረኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ዕድሜዬ 41 ነው። መጋላ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ እሰፋለሁ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከስፌት መኪናው ፊት አልነሣም። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። ኢንሱሊኗን በማቀዝቀዣው በር ላይ እያስቀመጥኩ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ በጠመጠምኩበት ማሰሮ ውስጥ እየደበቅኩ ከዚህ ከተማ ሙቀት ጋር ስታገል ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው መጋቢት ለሌላ ጉዳይ ስመረመር የእኔም ስኳር ከድንበሩ ላይ መድረሱ ተነገረኝ። ሐኪሙ ክብደት እንድቀንስና እንድንቀሳቀስ መከረኝ። ከእናቴ ጋር ያየሁትን ስላየሁ ሁለተኛ ምክር አላስፈለገኝም።

ከሚያዝያ መጀመሪያ ጀምሮ ሻዬን ያለ ስኳር እጠጣለሁ፤ ለስላሳ መጠጥ ትቻለሁ፤ የማታ እንጀራዬን በግማሽ ቀንሻለሁ። ከሱቅ ስመለስ በባጃጅ መሄድ ትቼ ደቻቱን ተሻግሬ፣ በከዚራ ዛፎች ሥር አድርጌ እስከ ሳቢያን በእግሬ እሄዳለሁ። ስጀምር 88.4 ኪሎ ነበርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ወደ 3 ኪሎ ቀነስኩና ደስታዬ ወሰን አጣ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተምታታብኝ።

የደንበኞቼን ልክ በምጽፍበት ደብተር የመጨረሻ ገጾች ላይ ክብደቴን በየጠዋቱ እመዘግባለሁ። ያለፉት ሁለት ሳምንታት እንዲህ ናቸው። ሰኞ 84.6፣ ማክሰኞ 84.1፣ ረቡዕ 84.9፣ ሐሙስ 84.3፣ ዓርብ 83.8፣ ቅዳሜ 85.7፣ እሑድ 85.3። ቀጥሎ ሰኞ 84.8፣ ማክሰኞ 84.0፣ ረቡዕ 83.7፣ ሐሙስ 84.4፣ ዓርብ 83.6፣ ቅዳሜ 84.1፣ ዛሬ እሑድ 85.0።

85.7 የሆንኩበት ቅዳሜ የሠርግ ማግሥት ነው። ዓርብ የአክስቴ ልጅ ሐረር ተድራ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላሁ፤ ሳምቡሳም ቀምሻለሁ፤ ሐላዋውንም እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሌሊቱን ደንገጎን ወርደን ገባን። ጠዋት ሚዛኑን ሳየው የአንድ ወር ልፋቴን በአንድ ሠርግ በላሁት ብዬ አለቀስኩ። ግን ማክሰኞ የበላሁት ሽሮ ብቻ ሆኖ ሳለ ረቡዕ ጠዋት 8 መቶ ግራም ጨምሬ መገኘቴን ምን ልበለው?

በዚያ ቅዳሜ ራሴን ለመቅጣት ቁርስም ምሳም ሳልበላ ዋልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የአንዲት ደንበኛዬን ጨርቅ ከምልክቱ አልፌ ቆረጥኩት። በ20 ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ስሕተት አልሠራሁም።

እየቀነስኩ ነው ወይስ እየጨመርኩ? የትኛውን ቁጥር ልመን?

የለገሀሬ ልጅ

እህቴ፣ እኔ ዓምና በዚሁ መንገድ አልፌአለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ እመዘን ነበር፤ ጠዋት ደስ ብሎኝ ማታ እናደዳለሁ። በመጨረሻ ሚዛኑን ለጎረቤት ሰጥቼ በወር አንድ ቀን ብቻ እየሄድኩ እመዘናለሁ። እንቅልፌ ተመለሰ። አንቺም ከአልጋ ሥር አስገቢውና ሥራሽን ሥሪ።

ነርስ ከሐረር

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ስለዚያ ቅዳሜ ልናገር። የስኳርሽ መጠን ድንበር ላይ ነው የተባልሽ ሰው በሙቀት መካከል ሳትበዪ መዋል የለብሽም። እጅሽ የተንቀጠቀጠው ሰውነትሽ ምግብ አጥቶ ነው። ሠርግ ላይ የተበላ ምግብ ቅጣት አያስፈልገውም፤ በማግሥቱ የተለመደውን ቁርስሽን በልተሽ መቀጠል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ደብተርሽ ልምጣ። የጻፍሻቸውን ቁጥሮች ቁጭ ብዬ ደመርኳቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ድምር 592.7 ነው፤ ለ7 ሲካፈል 84.67 ይሆናል። የሁለተኛው 589.6 ነው፤ ለ7 ሲካፈል 84.23። በ84.6 ጀምረሽ ዛሬ 85.0 ላይ ስለቆምሽ የጨመርሽ መስሎሻል፤ አማካዩ ግን በሳምንት 440 ግራም ያህል መቀነስሽን ይናገራል። ለጤና የሚመከረው አካሄድ ይኸው ነው፤ ከዚህ እጅግ የፈጠነ ቅነሳ ጡንቻንም ይዞ ይሄዳል።

ሚዛን ላይ ስትወጪ ስብሽ ብቻውን አይወጣም። የጠጣሽው ውኃም፣ ከአንጀትሽ ያልወጣው የትናንት ምግብም አብሮሽ ይወጣል። አንድ ሊትር ውኃ ጠጥተሽ ወዲያው ብትመዘኚ አንድ ኪሎ ጨምረሽ ታገኚዋለሽ፤ በዚያ ውኃ ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ ስብ የለም።

የሠርጉን 1.9 ኪሎ እንመልከተው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በውስጡ 7,700 ያህል ካሎሪ ይይዛል። 1.9 ኪሎ ስብ በአንድ ሌሊት ለመጨመር ሰውነትሽ ከሚያቃጥለው በላይ 14,600 ካሎሪ መብላት ነበረብሽ። ይህ ለአንዲት ሴት ከሰባት ቀን በላይ የሚበቃ ምግብ ነው። ሳምቡሳና ሐላዋ ምንም ያህል ቢጣፍጥ በአንድ ማታ ይህን ሁሉ አልበላሽም። ታዲያ የጨመረው ምንድን ነው? ሩዙና ጣፋጩ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን ሆኖ ይጠራቀማል፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። የሥጋውና የሳምቡሳው ጨው ሌላ ውኃ ያስቀራል። ዘግይተሽ የበላሽው ምግብም ጠዋት ገና ከሆድሽ አልወጣም። ጨውና ግላይኮጅን የያዙት ውኃ በሁለትና በሦስት ቀን ይወርዳል፤ ያንቺም ማክሰኞ 84.0 ደርሷል፣ ራስሽ ጽፈሽዋል።

በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ያየሽው 3 ኪሎም ሁሉም ስብ አልነበረም። ስኳርና እንጀራ ስትቀንሺ መጀመሪያ የሚሄደው ይኸው የተጠራቀመ ግላይኮጅንና ውኃው ነው። ይህን የምነግርሽ ደስታሽን ለመንጠቅ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህ ፍጥነት ሲቆም ተስፋ ቆርጦ ስለሚተወው ነው።

የሽሮው ጉዳይም ያው ነው። ሽሮ ቀላል ምግብ ነው፤ ሆኖም ጨውና በርበሬው በእጅ ግምት የሚጨመር ወጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑ ነው። እንጀራውና ዳቦው ውስጥ ያለውም አብሮ ይቆጠራል። ለእናቶች በየቤታቸው ይህን ስነግር የሚደነግጡት በጨው ማስቀመጫው መጠን ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የወር አበባሽ ሊመጣ ቀርቧል? ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ብዙ ሴቶች አንድ ኪሎና ከዚያም በላይ ውኃ ይይዛሉ፤ ሲመጣ ይለቃል። ስለዚህ ያንን ሳምንት ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አስተያዪው እንጂ ከቀደመው ሳምንት ጋር አታወዳድሪው። ሆድ ድርቀትም ሚዛኑን ያሳስታል። በእኛ አካባቢ ጫት የሚቅም ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ምግብ ስለሚዘጋው ቀልሎ ይገኛል፣ ሆዱ ስለሚደርቅ ደግሞ ከብዶ ይገኛል፣ ሁለቱም ስለ ስብ ምንም አይናገሩም።

የለገሀሬው ወንድሜ ያለው ለእርሱ እንደሠራለት አምናለሁ። ነገር ግን በወር አንድ ቀን የሚመዘን ሰው ያ ቀን የሠርግ ማግሥት ቢሆንበትስ? ሳምንቱን ሙሉ ጽፈሽ አማካዩን ብቻ እንደ ክብደትሽ ቁጠሪው። አማካዩ አራት ሳምንት ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ ያን ጊዜ ወደ ምግቡ እንመለሳለን።

ልብስ ሰፊዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ቁጥሬን ቁጭ ብለሽ መደመርሽ ራሱ አስለቀሰኝ። አዎ፣ የወር አበባዬ በዚህ ሳምንት ይጠበቃል፤ ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። አንድ ነገር ግን ደብቄሻለሁ። ጠዋት ቁጥሩ እንዲያንስልኝ ብዬ ከቀትር በኋላ ውኃ መጠጣት አቁሜአለሁ። ይህ ይጎዳኛል?

ነርስ ከሐረር

ይጎዳሻል፤ ዛሬውኑ ተዪው። ድሬ ዳዋ በግንቦት ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የካውያው እንፋሎት ተጨምሮበት ቀኑን ሙሉ ላብ ታወጪያለሽ። ኩላሊትሽ ውኃ ይፈልጋል። በጥማት ያነስሽው ግማሽ ኪሎ በመጀመሪያው ብርጭቆ ይመለሳል፤ ትርፉ ራስ ምታትና ሆድ ድርቀት ነው። የሽንትሽን ቀለም ተመልከቺ፤ ከጠቆረ ውኃ አንሶሻል።

የሽማንደፈር ጡረተኛ

ልጄ፣ በምድር ባቡሩ ዕቃ ክፍል ዕድሜዬን ሙሉ ስመዝን ኖሬአለሁና ስለ ሚዛኑ አንድ ነገር ልበል። ጆንያው ከመውጣቱ በፊት በየጠዋቱ ሚዛኑን ባዶውን እናየው ነበር፤ ዜሮ ላይ ካልቆመ የዚያ ቀን ሒሳብ ሁሉ ጠማማ ነው። የቤትሽ ሚዛን ምን ላይ ነው የተቀመጠው? ምንጣፍ ላይ ከሆነ እውነቱን አይነግርሽም። ጠንካራና የተስተካከለ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጪው፤ ቦታውን አትለዋውጪ። ከመጸዳጃ መልስ፣ ቁርስ ሳትቀምሺ፣ በዚያው ቀሚስ ተመዘኚ። ሦስት ጊዜ ወጥተሽ ውረጂ፤ ሦስት የተለያየ ቁጥር ከሰጠሽ ጥፋቱ የሚዛኑ ነው።

ሌላም አለ። እኔ ልቤ ደክሞ በሕክምና ላይ ነኝ፤ ሐኪሜ በየጠዋቱ እንድመዘን አዞኛል። ለእኔ ያ የውኃ ጭማሪ ዋናው ጉዳይ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመርኩ፣ ሳልዘገይ ወደ ሐኪም እንድሄድ ተነግሮኛል። አምና በጥር እንዲህ ሆነ። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ የካልሲው አፍ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር፤ በአውራ ጣቴ ቅልጥሜን ተጭኜ ስለቀው ጣቴ ያረፈበት ቦታ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ልጄ በዚያው ሌሊት ወሰደኝ፤ መድኃኒቱ ውኃውን አስወጣልኝ። ስለዚህ ነርሷ ያለችሽ ልክ ነው፤ ብቻ እግርሽ ካበጠ፣ ትንፋሽሽ ካጠረ፣ የሠርግ ነው ብለሽ አትቀመጪ።

ነርስ ከሐረር

አባቴ፣ ይህን ስለጻፉልን አመሰግናለሁ። እኔ መጻፍ ሲገባኝ የዘለልኩት ነው። ጤናዎን ያብዛልዎ።

ልብስ ሰፊዋ

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመልሼ መጣሁ።

አባቴ፣ ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ ነበር። ባዶ እግሬን ብርድ እንዳይነካኝ ብዬ አንጥፌው። አሁን በሩ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጬ ሦስት ጊዜ ስወጣ ሦስት ጊዜም ያንኑ ቁጥር ይሰጠኛል። እግሬን በአውራ ጣቴ ተጭኜ አየሁት፤ አይጎደጉድም።

የወር አበባዬ ረቡዕ መጣ። ማክሰኞ 85.2 ነበርኩ፤ ቅዳሜ 83.3 ሆንኩ። በሁለቱ ቀናት መካከል የበላሁት ከወትሮው የተለየ አልነበረም። የሳምንቱ አማካይ 83.9 ነው። ማክሰኞ ጠዋት ያንን 85.2 ደብተሩ ላይ ጽፌ፣ እንቁላልና ዳቦ በልቼ ወደ ሱቅ ስሄድ ልቤ እንደ ድሮው አልደነገጠም።

እሑድ ማታ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ስንቱን ሰው የምለካበት ሜትር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ሲውል ራሴን አልለካሁበትም። መስከረም ላይ ለራሴ ቀሚስ ስሰፋ ልኬን በዚያው ደብተር ጽፌ ነበር፤ ገጹን ፈልጌ አገኘሁት፤ ወገብ 101 ይላል። የሜትሬ ጫፍ ስላለቀ ሁልጊዜ ከ10 ጀምሬ ነው የምለካው። እምብርቴ ላይ አዞርኩት፤ ሳልስበው፣ ትንፋሼን ሳልይዝ። 107 ላይ ገጠመ። አሥሩን ስቀንስ 97። የጥፍሬ ምልክት እስኪቀርበት ድረስ ይዤው ቆየሁ፣ ከዚያ ደግሜ ለካሁ። ያው 97። በእኛ ሥራ 4 ሳንቲሜትር ማለት ቀሚሱ ከሁለቱም ጎን ይጠባል ማለት ነው፤ ለደንበኛ ቢሆን ኖሮ በዓይኔ ብቻ አውቀው ነበር።

ለተበላሸባት ደንበኛዬ ጨርቁን ከታይዋን ገበያ በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ሰፍቼላታለሁ። ውኃውንም በሁለት ሊትር ጠርሙስ ሞልቼ ከመኪናው አጠገብ አስቀምጣለሁ፤ ማታ ባዶውን ነው የምመልሰው።

ሐሙስ የሐኪም ቀጠሮ አለኝ፤ ስኳሬ እንደገና ይለካል። ደብተሩን ይዤው እሄዳለሁ።