ላንድክሩዘር ጥራቱ እንደድሮው ነው ወይስ ሌሎቹ ደርሰውበታል?

ያቤሎ_መንገደኛ

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ መኪና ምታውቁ ሰዎች እስቲ አማክሩኝ። ስራችን የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከያቤሎ ወደ ዲሎና ተልተሌ ነው ምንወጣው፣ የቁፋሮው ማሽን በራሱ መኪና ይሄዳል፣ እኔ ምፈልገው ሰራተኛና ዕቃ ይዞ ቀድሞ ሚደርስ፣ መሀል በረሃ ላይ ማያስቀረኝ መኪና ነው። የነዳጅ መኪና ከውጭ ማስገባት ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ስለተከለከለ ያው እዚሁ ያለ ያገለገለ ነው ምገዛው።

ማንንም ብጠይቅ "ላንድክሩዘር ግዛና እረፍ" ነው ሚለኝ፣ ለምን ስል ግን "ቶዮታ ነዋ" ከማለት ውጪ መልስ የለም። ይሄ ለኔ አይበቃኝም፣ ከሸሪኮቼ ጋር ያዋጣነው ብር ነው። እውነት ጥራቱ እንደድሮው ነው ወይስ ተፎካካሪዎቹ ደርሰውበት በስሙ ብቻ ነው ሚሸጠው? አይቼ ያቆየኋቸው ሃርድቶፕ ባለ 4.2 ናፍጣ፣ ፕራዶ ባለ 2.8 ናፍጣ እና የድሮው ቅርፅ ኒሳን ፓትሮል ናቸው። ፕራዶዋ ውስጧ በጣም ያምራል፣ እውነት ለመናገር ልቤ እሷ ጋ ነው ያለው።

ፖምፓ_ቤት

ወንድሜ ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉንም "ላንድክሩዘር" ብለህ በአንድ ስም ስትጠራው ነው ነገሩ ሚምታታብህ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ላንድክሩዘር 300 ራሱን የቻለ መኪና ነው፣ ፕራዶ ሌላ ነው፣ ያ ሃርድቶፕ ደግሞ 70 ሲሪስ ሚባለው፣ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅርፁ ብዙም ሳይቀየር የመጣ የስራ መኪና ነው። የአንዱ ጥራት ለሌላው ምስክር አይሆንም።

የሃርድቶፑ 4.2 ሞተር ዋን ኤች ዜድ ይባላል። ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ ጉልበት ሚጨምረው) የለው፣ ኮምፒውተር የለው፣ ናፍጣውን ሚረጨው በሜካኒካል ፖምፓ ነው፣ ጉልበቱ 130 ፈረስ አካባቢ ስለሆነ ሰው ሞልተህ ዳገት ስትወጣ ሲያቃስት ትሰማዋለህ። የፕራዶዋ 2.8 በአራት ሲሊንደር ከዛ በብዙ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል፣ ኮመን ሬይል ስለሆነ ናፍጣውን ከ2000 ባር በላይ ጨምቆ በኮምፒውተር ትዛዝ ነው ሚረጨው። የኢንጄክተሩ ቀዳዳዎች በዓይን ለማየት ሚያስቸግሩ ናቸው፣ ቆሻሻና ውሃ ያለበት ናፍጣ እዛ ሲገባ ኢንጄክተር ይበላል፣ ቀጥሎ ፖምፓው ይሄዳል፣ ይሄ ደግሞ የቶዮታ ጥፋት አይደለም፣ የማንም ፋብሪካ ኮመን ሬይል ቢሆን ያው ነው።

እኔ ጋ የናፍጣ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ ማደርገው ፊልትሮው ስር ያለችውን ማፍሰሻ ላላ አድርጌ ሚወርደውን በሃይላንድ ፕላስቲክ መቀበል ነው። ትንሽ ስታቆመው ውሃው ከስር ይቀመጣል፣ ናፍጣው ከላይ ይሆናል፣ መሀላቸው ላይ ጥቁር ዝቃጭ ይሰራል። ከገጠር ስራ ሚመለሱት ላይ ይሄንን ደጋግሜ ነው ማየው፣ ማዲያ በሌለበት በበርሜል የቆመ ናፍጣ ነዋ ሚቀዱት። አንተም እዛው ነህና ምትሰራው ከጥራት በፊት ናፍጣ ከየት እንደምትቀዳ አስብ። ዋን ኤች ዜድም መጥፎ ናፍጣ አይወድም፣ ግን ታግሶ ቤትህ ያደርስሃል፣ ፖምፓውንም ክልል ከተማ ላይ ፈትቶ ሚሰራልህ ሰው አታጣም።

ሻርጃ_ሹፌር

ፖምፓ ቤት ያለው ልክ ነው፣ እኔ ከዚህ ከኤምሬትስ በኩል ያለውን ልጨምር። ላንድክሩዘርና ፓትሮል እዚህ ሁሌ ሚያከራክሩ መኪኖች ናቸው፣ አረቦቹ ለአሸዋ ፓትሮልን አጥብቀው ነው ሚወዱት። አዲሱ ፓትሮል እ.ኤ.አ. በ2024 አቡዳቢ ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው፣ ድሮ 5.6 ቪ8 የነበረው አሁን 3.5 ቪ6 ባለ ሁለት ተርቦ ሆኖ 425 ፈረስ ነው፣ ላንድክሩዘር 300ም እንደዚሁ ቪ8ን ትቶ 3.5 ቪ6 ባለ ሁለት ተርቦ ገብቶበታል። ሁለቱንም ለስራ ነድቻለሁ፣ በምቾትና በውስጥ አሰራር ኒሳን ደርሶበታል ብቻ ሳይሆን አልፎታል ባይ ነኝ፣ መልሰህ ስትሸጥ ግን ላንድክሩዘሩ ነው ገንዘብህን ሚይዝልህ።

ያንተ ፓትሮል ግን የድሮው ስለሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ከፊትም ከኋላም ሙሉ አክስል ሆኖ በሞላ (ጥምዝምዝ ስፕሪንግ) ነው ሚቆመው፣ የሃርድቶፑ ኋላ ባልስትራ (ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) ስለሆነ ባዶውን ያንገጫግጭሃል፣ በዚህ ፓትሮል ይሻላል። ዋናው ሞተሩ ነው፣ ቲዲ 42 ሚባለው 4.2 ከሆነ ከዋን ኤች ዜድ አያንስም ጠንካራ ነው። 3.0 ዜድ ዲ 30 ከሆነ ግን በተለይ የመጀመሪያዎቹ ፒስተን በማቃጠል ነው ስማቸው ሚነሳው፣ እሱን እኔ በነፃ ቢሰጡኝም ዲሎ ይዤው አልሄድም። ኮፈኑን ክፈትና ሞተሩን ራስህ እይ፣ ሊብሬውን ብቻ አትመን።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እኔ ደግሞ ትንሽ ልለይ። ቶዮታን እንዲህ እንደታቦት ማየት ይቅር። እዚህ አሜሪካ በ2024 (በፈረንጆቹ) ቶዮታ 102 ሺህ አካባቢ መኪና ለጥገና መልሶ ጠርቷል፣ የ2022 እና የ2023 ቱንድራ ፒካፕና የራሱ የቶዮታ ሌክሰስ ኤልኤክስ ናቸው፣ ምክንያቱ ደግሞ ሞተሩ ፋብሪካ ሲመረት ውስጡ ሳይጠራ የቀረ የብረት ፍርፋሪ ነው፣ እሱ የክራንክ ሻፍት (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ኩሽኔታ ያበላሽና ሞተሩ እየሄደ ሊጠፋ ይችላል። ይሄ ሞተር ሻርጃ ያልከው የ300 ቤንዚን ሞተር ቤተሰብ ነው። እዛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ የቶዮታን ናፍጣ ሞተር ሚሰራው ቶዮታ ኢንዱስትሪስ የፈረስ ጉልበት ሲያስለካ ከሚሸጠው የተለየ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደተጠቀመ ታውቆ መኪኖቹን መላክ ለጊዜው አቁመው ነበር፣ ከሞተሮቹ አንዱ ያንተ ፕራዶ ላይ ያለው 2.8 ነው። መኪናው አደገኛ ነው አልተባለም፣ የያዙትም መንዳት አቁሙ አልተባሉም፣ ግን ቶዮታን ሰው ሚወደው ስራው ላይ አይቀልድም ብሎ ስለሆነ እኔን በጣም ነው ያሳዘነኝ።

70ውም ቢሆን እንከን አለው። በ2007 እ.ኤ.አ. ናፍጣ ቪ8 እንዲገባለት ሲሉ የፊቱን አክስል አሰፉትና ኋላውን እንደነበረ ተዉት፣ የፊት ጎማ በከፈተው መስመር የኋላው ልክ አይገባም፣ አሸዋና ጭቃ ላይ ይሄ ይሰማል። ስንት ዓመት ሙሉ ደንበኛ እየጮኸ አልተስተካከለም። ሌላ ፋብሪካ ቢሆን እንዲህ እንታገሰው ነበር?

የላንድሮቨሩን ዲፌንደር ደግሞ ያነሳ የለም እንጂ ለስራ ድሮ የነበረው በ2016 እ.ኤ.አ. ምርቱ ቆሟል፣ አዲሱ ሻንሲ (መኪናውን ከስር ሚሸከመው ብረት) ሚባል ነገር ለብቻው የለውም፣ ግሩም መኪና ነው ግን ተልተሌ ላይ ኮምፒውተሩን ማን ያነብልሃል። ሰው ታንክ 300 ሚባለውን የቻይና መኪናም ያደንቃል፣ በዋጋው ውስጡ ያለው ነገር ያስገርማል፣ 20 ዓመት ገጠር ሰርቶ ያየነው ግን ገና የለም።

ያቤሎ_መንገደኛ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ የፕራዶዋን ሞተር ነገር ስትጽፍ ደንገጥ ብዬ ነበር፣ ግን ፖምፓ ቤት ካሉት ጋር ሳገናኘው የኔ ችግር ፈረስ ጉልበት ሳይሆን በርሜል ናፍጣ ነው፣ እዛ ማዲያ የለምና። ፓትሮሉን ደውዬ ጠየቅኩ፣ 3.0 ነው አሉኝ ስለዚህ ተውኩት። ሃርድቶፑ ጋ ነው እንግዲህ ማዘነብለው። ጋሼ ፖምፓ ቤት ቅር ካላሎት፣ ሃርድቶፕ ሲገዛ ምን ምን ነው ሚታየው? አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ቅዳሜ አየዋለሁ።

ፖምፓ_ቤት

ምን ቅር ይለኛል ልጄ። መጀመሪያ ስሩ ግባ። የኋላው ባልስትራ ሻንሲው ላይ ሚታሰርበት ቦታ ስንጥቅ ወይ አዲስ ብየዳ ካለ በቀለም ሸፍነውት ይሆናልና በጣትህ ዳብሰው፣ ጭነት የበዛበት መኪና እዛ ነው ሚናገረው። የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ቫልቮች ጊዜ ሚጠብቀው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ጠይቅ፣ በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፣ "አላስታውስም" ካሉህ ስትገዛ ወዲያው ታስቀይራለህ ማለት ነው፣ ዋጋው ላይ ቀንስበት። ተርቦ ከውጭ ተገጥሞለት ከሆነ ተወው፣ ይሄ ሞተር ሲግል ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክፍል) ይሰነጠቃል፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተህ ውሃው ላይ ዘይት ወይም ሞተሩ እየሰራ አረፋ ሚመጣ ከሆነ አትግዛ። ሞተሩ ተነስቶ እያለ የዘይቱን ክዳን ፈታ አድርገህ እይ፣ ጭስ እየገፋ ሚወጣ ከሆነ ፒስተንና ሲሊንደሩ አልቋል።

ዕቃ አትፍራ፣ አምቡላንሱም የእርዳታ ድርጅቱም በዚሁ መኪና ስለሚሰራ ሶማሌ ተራ ሞልቷል፣ ችግሩ ኦሪጅናል ያልሆነው መብዛቱ ነው፣ ለፖምፓና ለጎማ ኩሽኔታ ርካሽ አትግዛ።

ስትሄድ ደግሞ ጠዋት ሂድና ሞተሩ በርዶ እያለ ራስህ አስነሳው፣ ስትደርስ ኮፈኑ ሞቅ ብሎ ካገኘኸው አሙቀው ነው የጠበቁህ፣ ቀጠሮ ቀይረህ ሌላ ቀን ተመለስ።