ለአደን ዳገት ስወጣ ያልበኛል፣ ስቀመጥ እንዘፈዘፋለሁ፤ ምን ልልበስ?

ጥያቄ፦ ጀማሪ አዳኝ (ዴንቨር)

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ወደ ኮሎራዶ ተራሮች ይዞኝ ሄዶ ነበር። ከመኪና የወረድነው ጎህ ሳይቀድ ሲሆን ብርዱ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለነበር ያለኝን ሁሉ ደረብሁ፤ ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ፣ ከላዩ ወፍራም የጥጥ ሹራብ፣ ከዚያም በዳክዬ ላባ የተሞላ ጃኬት። አንድ ሰዓት ያህል ዳገት ከወጣን በኋላ ካናቴራዬ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ነበር። ጫፍ ላይ ተቀምጠን ሸለቆውን በባይናኩላር መቃኘት በጀመርን በ20 ደቂቃ ውስጥ ጥርሴ ተንገጫገጨ፣ ጣቶቼም ዚፕ ለመዝጋት እንኳ አልታዘዝ አሉኝ። ባልደረባዬ በእኔ ምክንያት አደኑን አቋርጦ ተመለሰ። ዘንድሮም ጋብዞኛልና ምን ልልበስ? ብዙ ገንዘብ ማውጣትስ የግድ ነው?

መልስ፦ ዳገት ወዳጅ

እርስዎን ለብርድ የዳረገዎ የልብስ ማነስ ሳይሆን ሲነሱ የለበሱት መብዛቱ ነው። ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ፍጥነት ስለሚያስተላልፍ፣ ላብ የጠጣ ጥጥ ገላ ላይ ተጣብቆ ሲቀር እግርዎ ሲራመድ ያመነጨውን ሙቀት በተቀመጡ ጊዜ ይመጥጠዋል። ላባውም ከውስጥ በላብ ሲርስ ይሟሽሽና አየር መያዙን ይተዋል።

እኔ ከመኪናው ስነሳ ከገላዬ ጋር የሚገጥም ስስ የፖሊስተር ሹራብና ነፋስ የሚከለክል ስስ ጃኬት ብቻ ነው የምለብሰው፤ ወፍራሙ ካፖርት ቦርሳ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ብርድ ብርድ ሊልዎ ይገባል፤ ሲነሱ ከሞቀዎ ለብሰው አብዝተዋል ማለት ነው። ግንባርዎ ወዝ ሲያወጣ ሳይሆን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ደረትዎ ገና ሞቅ ሲለው፣ ቆም ብለው የአንገቱን ዚፕ ይክፈቱ፣ ኮፍያዎን ያውልቁ፤ ካልበቃ ጃኬቱን። አካሄድዎንም ይቀንሱ፤ ለኤልክ የተጣደፈ ሰው ከኤልኩ በፊት የሚያገኘው ላቡን ነው። ጫፍ ሲደርሱ ደግሞ ሰውነትዎ እስኪቀዘቅዝ ሳይጠብቁ የረጠበውን ሹራብ በደረቅ ቀይረው ወዲያውኑ ካፖርቱን ይደርቡ።

መልስ፦ የመንዝ ልጅ

በፖሊስተሩ ላይ ትንሽ ልዩነት አለኝ። ፖሊስተር ቶሎ መድረቁ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ገላን ያን ያህል አያቀዘቅዝም፣ ሁለት ሦስት ቀን ቢለበስም እንደ ፖሊስተር አይሸትም። የእኛ አገር እረኛ በውርጭ ጊዜ የበግ ጠጉር ባና የሚደርበው ያለ ነገር አይደለም። ጋቢ ደረቅ ሳለ የሚወዳደረው የለም፤ ዝናብ ሲያገኘው ግን ሸክም ነው፣ ጥጥ ነውና።

ስለ ገንዘቡ፣ ሰልባጅ መሸጫ ገብተው ጨርቁ ላይ የተሰፋውን ምልክት እያነበቡ ሙሉ በሙሉ ከሱፍ የተሠራ ሹራብ ይፈልጉ። ገንዘብዎን ለካልሲና ከገላ ለሚገጥመው ልብስ ያውጡ፤ መካከለኛው ሹራብ ያረጀ ቢሆንም ግድ የለም።

መልስ፦ ብርቱካንማው

«ኮፍያዎን ያውልቁ» የሚለውን ምክር ላርም። በኮሎራዶ በጠመንጃ ኤልክ የሚያድን ሰው ከወገቡ በላይ ቢያንስ 500 ካሬ ኢንች፣ ማለትም 3,200 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ፣ ደማቅ ብርቱካንማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ ከሁሉም በላይ እንዲለብስ፣ ራሱ ላይም ከየአቅጣጫው የሚታይ የዚሁ ቀለም መሸፈኛ እንዲያደርግ ሕጉ ያስገድዳል። ቅጠላ ቅጠል የተሣለበት ብርቱካንማ አይቆጠርም። ስለዚህ ለዳገቱ ስስ ብርቱካንማ ቆብ፣ ተቀምጠው ለሚቃኙበት ጊዜ ወፍራም ብርቱካንማ የሱፍ ኮፍያ ይያዙ። ብርቱካንማውን ሰደርያም ካፖርቱን ለብሰው ይለኩት፤ በስሱ ጃኬት ለክተው የገዙት ካፖርት ላይ አልገባ ካለ ከሥር ሊያደርጉት ይገደዳሉ፣ ያ ደግሞ አይቻልም።

መልስ፦ ነርሷ

ጣቶችዎ ያልታዘዙዎት ሰውነትዎ ደሙን ወደ ውስጥ ስለሰበሰበ ነው፤ ሲንቀጠቀጡ መመለሳችሁም ትክክል ነበር። አንደበት ከተሳሰረ፣ እግር ከተደነቃቀፈ፣ ይልቁንም መንቀጥቀጡ ሙቀት ሳይገኝ ከቆመ፣ ነገሩ ከልብስ አልፏልና አስቸኳይ እርዳታ ይጠራ። «ትንሽ አረቄ ያሞቃል» የሚልዎትን አይስሙ፤ አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሙቀት የመጣ ቢመስልም እየወጣ ነው።

ጠያቂው፦ ጀማሪ አዳኝ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ያለ ጠመንጃ ሞከርሁት፤ የሱፍ ሹራቡን ከሰልባጅ አገኘሁ። በሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ዚፑን ከፈትሁ፣ ጫፍ ላይም ከአንድ ድንጋይ ከለላ ሥር ሹራቤን ቀየርሁ። ያወለቅሁትን ቦርሳዬ ላይ ብሰቅለው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላቡ በረዶ ሆኖበት እንደ ቁርበት ደርቆ ቆመ፤ እኔ ግን 40 ደቂቃ ተቀምጬ አልተንቀጠቀጥሁም። የቀረኝ ችግር ጀርባዬ ነው፤ ቦርሳው ያረፈበት ቦታ ዚፕ ቢከፈትም ያልበዋል።

መልስ፦ ዳገት ወዳጅ

ከእሱ ማንም አላመለጠም። ባረፉ ቁጥር ቦርሳውን አውርደው ጀርባዎን ለሁለት ደቂቃ ያናፍሱት፤ መቀየሪያውን ሹራብም ላብ እንዳይደርስበት በላስቲክ ጠቅልለው ከጀርባዎ በራቀው የቦርሳ ክፍል ያኑሩት።