አባዬ በጾም ይራመዳል፣ በፍስክ ይቆማል

የሰፊው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ጽሑፍ ሦስቴ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ፤ "ሐኪሙን ጠይቂ" እንደምትሉኝ ስለማውቅ። ቀጠሯችን ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። እስከዚያ የሚያውቅ ሰው ካለ ይርዳኝ።

አባዬ 68 ዓመቱ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ አንድ ደጃፍ ላይ ዕድሜውን በሙሉ ሲንጀር ሲረግጥ የኖረ ሰው። ፓርኪንሰን፣ ያ እንቅስቃሴን የሚያዘገየው የአንጎል በሽታ፣ ነው ከተባለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ዞረናል። መጀመሪያ ያመመው ቀኝ ትከሻውን ነው። ቁርጥማት ነው ተብሎ መርፌ ተወጋ። ቀጥሎ "እርጅና ነው፣ ምን ትሆናላችሁ" ተባልን። ያኔ ቡና ተቆልቶ ጭሱን ስናዞርለት "ዛሬ ቡናው ምንም አይሸትም፣ ከየት ነው የገዛችሁት?" ይል ነበር። እኛ የቡና ነጋዴዋን ስናማ ከረምን።

በመጨረሻ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ደረስን። ሐኪሟ እስከ በሩ ሄዶ እንዲመለስ አደረገችው። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ቶሎ ቶሎ እንዲያጋጭ፣ ስሙን ደጋግሞ እንዲጽፍ ነገረችው። ክንዱን ይዛ አጠፍ ዘርጋ አደረገች። በቃ። ኤምአርአይ የለ፣ የደም ምርመራ የለ። እውነቱን ለመናገር አላመንኳትም። ቤት ስገባ ግን የደንበኞቹን ልክ የሚጽፍበትን ደብተር አወጣሁ። የዛሬ ስድስት ዓመት "ደረት 102" ሲል ሁለት መስመር ይሞላ ነበር። ገጹን እየገለጥኩ ስሄድ ቁጥሩ እየደቀቀ፣ እየደቀቀ፣ መጨረሻ ላይ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ለካ ደብተሩ ከእኛ በፊት ያውቅ ነበር።

አሁን ጥያቄዬ። የሚወስደው ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ ያለበትን ኪኒን ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት። የነፍስ አባቱ ፈቅደውለት በጾምም በውኃ ይውጣል። ሁዳዴን በሙሉ ደህና ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ብቻውን ሄዶ ይመለሳል። ፋሲካ ካለፈ ወዲህ ግን፣ በዚህ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ሃምሳ ቀን፣ ጠዋት ጠዋት እግሩ መሬት ላይ ይጣበቃል። በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ኪኒኑን እሰጠዋለሁ፣ ምንም የለም። ጎረቤታችን እትዬ "የጾሙ በረከት ነው" ይላሉ። ወንድሜ ከሜሪላንድ "እዚህ በቆዳ የሚመረመር መጥቷል፣ ቀዶ ሕክምናም አለ፣ አምጪው" ይላል። ኪኒኑ ፎርጅድ ይሆን? ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው?

መድኃኒት ቤት ነኝ፦
እህቴ፣ ኪኒኑን ከመጠርጠርሽ በፊት ሁለት ነገር ንገሪኝ። አንደኛ፣ በጾም ጊዜ አባትሽ የሚበሉት ስንት ሰዓት ነው? ሁለተኛ፣ አሁን የጠዋቱን ኪኒን በምንድን ነው የሚወስዱት?

የሰፊው ልጅ፦
በጾም እስከ 9 ሰዓት አይበላም፣ ተው ብንለውም አይሰማም። አሁን ጠዋት ሆዱን እንዳይጎዳው ብዬ በአንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ነው የምሰጠው። ከእንቁላል ጋር።

መድኃኒት ቤት ነኝ፦
አገኘነው መሰለኝ። ወተትና እንቁላል ፕሮቲን ናቸው። ፕሮቲን ሲፈጭ አሚኖ አሲድ ይሆናል። ሌቮዶፓም ራሱ የአሚኖ አሲድ ዘር ነው። ስለዚህ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል የሚሻገሩት በአንድ ዓይነት ማመላለሻ ነው። የማለዳ የታክሲ ሰልፍ አስቢ፤ ታክሲው አንድ ነው፣ ከወተቱና ከእንቁላሉ የመጣው ሕዝብ ደግሞ ብዙ። የአባትሽ ኪኒን ሰልፉ ላይ ቀረ።

በጾም የጠዋቱም የ7 ሰዓቱም ኪኒን ባዶ ሆድ ነበር የሚያገኘው። ታክሲው ባዶ ነው፣ ይሳፈራል። ስለዚህ ዋናው የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ምስርና ሽሮም እኮ ፕሮቲን አላቸው፤ 7 ሰዓት ላይ ጥሩ ሽሮ ቢበሉ ኖሮ መጣበቁን ትንሽ ታይው ነበር።

ኪኒኑን በውኃ ስጪ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ፤ ካልሆነ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይተሽ። ባዶ ሆድ ካቅለሸለሻቸው ቁራሽ ደረቅ ዳቦ ይበቃል። ፕሮቲን ከልክይ ግን አላልኩም! ሰውነታቸው ይከሳል። ሥጋውን፣ እንቁላሉን፣ ወተቱን ወደ ማታ አሽሽው። የደም ማነስ ኪኒን፣ ማለትም አይረን የሚወስዱ ከሆነም አራርቂው፤ እሱም ይይዘዋል። ሆድ ድርቀት ካለም ኪኒኑ ቶሎ አይደርስም። የተልባ ነገር እናንተ ታውቁታላችሁ።

ጡረተኛው ከአዳማ፦
ልጄ፣ እኔ ራሴ ታማሚ ነኝ፤ ዘንድሮ 11 ዓመቴ። የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ነበርኩ፣ ሥዕል መሣያ ቦርድ ላይ መስመር ሳሰምር የኖርኩ። የደብተሩን ነገር ሳነብ ዕንባዬ መጣ። እኔንም ያጋለጠኝ ጠመኔው ነው። ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች "ቲቸር፣ አይታይም" አሉኝ። ዓይናችሁን ተመርመሩ ብዬ ተቆጣኋቸው።

ሐኪሟ ያለ ማሽን መናገሯ እንዳያሳስብሽ። የበሽታው ዋና ምልክት ዝግመት ነው፤ ጣት ሲያጋጩ እያነሰ እያነሰ መሄዱ። በዚያ ላይ ግትርነት ወይም መንቀጥቀጥ ሲጨመር፣ ደግሞም ኪኒኑ ሲሠራ፣ ያ ነው ማስረጃው። ተራ ኤምአርአይ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው የሚወጣው። የሚታዘዘው ሌላ ነገር እንዳይሆን ለማጣራት ነው።

ስለ ኪኒኑም ታሪኩን ልንገርሽ፣ ጡረታ ላይ ማንበብ እንጂ ሌላ ምን ሥራ አለኝ። በ1913 ጉገንሃይም የሚባል ሰው ስዊዘርላንድ ውስጥ ሌቮዶፓን ለየው። ከምን? ከባቄላ! ይችው የኛ ባቄላ። ራሱ ላይ ሊሞክር 2 ግራም ተኩል ዋጠና ሲያስታውከው ዋለ። ምን እንደሚያደርግ ያኔ አልታወቀም። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሶን በመድኃኒት ያደነዘዛቸውን ጥንቸሎች ሌቮዶፓ ወጋቸው፤ ጆሯቸውን አቁመው ተነሡ። ዶፓሚን በሚባለው፣ እንቅስቃሴን በሚያዘው የአንጎል ኬሚካል ላይ ለሠራው ሥራ በ2000 ኖቤል አገኘ። ቪየና ውስጥ ሆርኒኪዬቪች የሟቾችን አንጎል መርምሮ በበሽተኞቹ ላይ ዶፓሚን እንደጎደለ አሳየ፤ ሌቮዶፓ ደግሞ አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን የሚለወጥ ነው። በ1967 ደግሞ ኮትዚያስ የሚባለው ሐኪም ኒውዮርክ ውስጥ በጥቂት ጀምሮ እያሳደገ በአፍ ሲሰጥ፣ አልጋ የያዙ ሰዎች ተራመዱ። ስድሳ ዓመት ሊሆነው ምን ቀረው? እስካሁን ከዚህ የሚበልጥ ኪኒን የለም። በኋላ ካርቢዶፓ ተጨመረበት፤ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ መንገድ ላይ እንዳይባክን። ጉገንሃይምን ያስታወከው ያ መንገድ ላይ የሚባክነው ነው።

በር ላይ ለሚቆምበት ደግሞ ዘዴ አለ። እግር ተጣብቆ እምቢ ሲል "ና፣ ሂድ" ማለትና መጎተት ይብስበታል፤ ይወድቃል። ወለሉ ላይ የሚሻገረው መስመር አድርጊለት። እኔ ቤት በየበሩ ነጭ ፕላስተር ለጥፈናል። የሚራመደውን እግር የሚያዘው የአንጎል ክፍል ቢደክም፣ ዓይን አይቶ የሚሻገርበት ሌላ መንገድ አለ። ደረጃ ላይ ከናንተ ቀድሜ እወጣለሁ፣ ሜዳው ላይ ነው የምቀረው። የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ።

የመርካቶ ልጅ፦
እንዴ ጋሼ፣ ባቄላ ካሉ ታዲያ ኪኒኑ ለምን አስፈለገ? እሸቱ ሲወጣ አንድ ኩንታል ገዝቶ መብላት ነው 😄

መድኃኒት ቤት ነኝ፦
ወንድሜ፣ ቀልድም ቢሆን የሚሠራው ሰው ስላለ ልመልስ። እሸት ባቄላ በርግጥ ሌቮዶፓ አለው፣ ቅርፊቱም ጭምር። ግን ልክ የለውም። እንደ ዝርያው፣ እንደ ዕድሜው፣ እንደ አበሳሰሉ ይለያያል። ኪኒን ላይ ያለ ሰው በላዩ ላይ ብዙ ቢበላ ሳይፈልግ የመወራጨት ነገር ሊያመጣበት ይችላል። ባቄላ ሲበሉ ደማቸው የሚፈርስባቸው ሰዎችም አሉ። በልክ ብሉ፣ ኪኒኑን ግን በባቄላ አትተኩ። በድንገትም አታቋርጡ፤ ድንገት ማቆም ትኩሳትና ከባድ መገተር አምጥቶ ሆስፒታል የሚያስገባ አደጋ ነው።

ነርሷ ከሜሪላንድ፦
ወንድምሽ ያለው ውሸት አይደለም፣ ግን ትንሽ ቸኩሏል። እዚህ የነርቭ ክፍል ነው የምሠራው። ከጀርባ በሚቀዳ ፈሳሽ ውስጥ በዚህ በሽታ አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን፣ አልፋ ሲኑክሊን የሚባለውን የተጣመመ ፕሮቲን አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ አለ። በ2023 የወጣው ትልቅ ጥናት ከ1,100 በላይ ሰዎች ላይ ሞክሮት፣ ከታማሚዎቹ ወደ 88 በመቶውን ለይቷል። ገና ምልክት ሳይታይባቸው የማሽተት ችግር ብቻ ባለባቸው ሰዎች ላይም ፕሮቲኑ ተገኝቷል። ያ የቡናው ጭስ ማለት ነው! ከቆዳ ቁራሽ የሚታይበትም አለ። ለምርምር ትልቅ ነገር ነው፤ መድኃኒት ገና ከማለዳው መሞከር ይቻላል። ለአባትሽ ግን ውጤቱ ቢመጣም የሚታዘዘው ያው ኪኒን ነው። ለዚህ ብሎ ቪዛና አውሮፕላን አልመክርም።

ቀዶ ሕክምናው አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ደረት ላይ ከተቀበረ ባትሪ ጋር የሚያገናኝ ነው። ግረኖብል ውስጥ በ1987 ነው የተጀመረው። ለሚሆነው ሰው ድንቅ ነው። የሚሆነው ግን ኪኒኑ የሚሠራለት፣ በቀን ውስጥ ግን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያደረገ ላስቸገረው ነው። ኪኒን የማያነሣውን ነገር፣ ከመንቀጥቀጥ በቀር፣ ሽቦውም እምብዛም አያነሣውም። ከዚያ ማስተካከያው ብዙ ምልልስ አለው። አባትሽ እኮ በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይመለሱ ነበር፤ ኪኒናቸው ይሠራል።

አንድ ነገር ልጠይቅ። በቅርቡ ማስታወክ ለማስቆም የተሰጣቸው መድኃኒት አለ?

የሰፊው ልጅ፦
ወይኔ። አለ። በፋሲካ ሳምንት ዶሮውም ቅቤውም ተደራርቦበት አስታወከው። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰድኩት። ፓርኪንሰን አለበት ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ፕላዚል ጻፉለት፣ ከዚያ በኋላም በተቅለሸለሸ ቁጥር እየሰጠሁት ነበር።

ነርሷ ከሜሪላንድ፦
እሱ ነው ሌላው። ፕላዚል አንጎል ውስጥ ገብቶ ዶፓሚን የሚቀመጥበትን ቦታ ይዘጋል። ጤነኛውን ሰው ራሱ ፓርኪንሰን ሊያስመስለው ይችላል። አንቺ በአንድ እጅ እየሰጠሽ በሌላው ስትቀሚ ነበር፣ ሳታውቂ። ነገውኑ ሐኪሟን በስልክ አግኝተሽ ንገሪያት፣ ሌላ ማቅለሽለሽ የሚያስታግስ አለ። እሱ ልብ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል ልባቸውን ቀድማ ማየት ትፈልግ ይሆናል። የፕላዚሉ ጉዳት ቶሎ ላይለቅ ይችላል፤ ሳምንታት የሚቆይበት ሰው አለ። አንድ ወረቀት ላይ "ፓርኪንሰን አለብኝ፣ ፕላዚልና ሃሎፔሪዶል አይሰጠኝ" ብለሽ ጽፈሽ ከመታወቂያቸው ጋር አስቀምጪላቸው፤ ሃሎፔሪዶል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው፣ ያንኑ ቦታ ይዘጋል።

ጡረተኛው ከአዳማ፦
እኔም እንደዚያ ያለ ወረቀት ኪሴ ውስጥ አለ። በትልቁ ነው የተጻፈው፣ በልጄ እጅ።

የሰፊው ልጅ፦
ከ12 ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ሐኪሟን አገኘኋት። ፕላዚሉን አስቆመችው፣ "ጎሽ፣ ደወልሽ" አለችኝ። ሰዓቱን በዚያው የልክ ደብተር ጀርባ እየጻፍኩ ነው፤ ኪኒን ስንት ሰዓት፣ ምግብ ስንት ሰዓት፣ እግሩ የተፈታው ስንት ሰዓት። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ምንም ለውጥ አልነበረም፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በአምስተኛው ቀን 1 ሰዓት ላይ በውኃ ወሰደ፣ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ራሱ ተነሥቶ ፊቱን ታጠበ። ትናንት ከሰዓት እንደገና ተጣብቆ ቆይቷል፤ ምሳ ላይ ክትፎ ቀምሶ ነበር፣ ማን እንደሰጠው አልታወቀም። እትዬን ነው የምጠረጥረው።

በሩ ላይ ፕላስተር ልለጥፍ ስል "ቤቴን ሆስፒታል አታድርጊብኝ" አለ። የራሱን ቢጫ ሜትር አምጥቶ፣ ተንበርክኮ፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ ደፉ ላይ በስፒል አጣበቀው። አሁን 75 ላይ ነው የሚሻገረው፤ ለምን 75 ላይ እንደሆነ አይናገርም። ወተቱን ወደ ማታ ስላዛወርኩበት ግን እስካሁን አኩርፎኛል።