ስስ ብረት ከማግኔቲክ ቻክ (ሥራውን በማግኔት ስቦ ከሚይዝ ጠረጴዛ) ሲነሳ ተመልሶ ይጎብጣል፤ እንዴት ልያዘው?

ሰላም ለሁላችሁም። ሰርፌስ ግራይንደር (የብረት ገጽን በሚሽከረከር ድንጋይ ሞርዶ የሚያስተካክል ማሽን) ላይ የምትሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ እርዱኝ።

ሥራው በሙቀት የጠነከረ የብረት ሳህን ነው። ርዝመቱ 150፣ ስፋቱ 80፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር። ሁለቱ ገጾች በ0.005 ሚሊ ሜትር ውስጥ ትይዩ እንዲሆኑ ተጠይቋል። ከሙቀት ሥራው ሲመጣ ግን መሃሉ ወደ 0.1 ሚሊ ጎብጧል።

ማግኔቱን ስከፍት ብረቱ ቀጥ ብሎ ይለጠፋል። ተሞርዶ ሲያልቅም ቻኩ ላይ እንዳለ ኢንዲኬተሩ (ጉብጠት የምለካበት ባለ መርፌ መሣሪያ) ንቅንቅ አይልም። ማግኔቱን ስዘጋ ነው ጉዱ የሚመጣው፤ መርፌው ዞር ብሎ የድሮውን ጉብጠት ያሳየኛል። ውፍረቱ የትም ቦታ እኩል ነው፣ ብረቱ ግን ጎባጣ ነው። ቻኩ ንጹሕ ነው፣ ዳር ላይ የቀረ ሹል የለም፣ ድንጋዩም በአልማዝ ተስተካክሏል፣ ኩላንትም (ማቀዝቀዣው ፈሳሽ) በደንብ ይፈሳል። ስለዚህ ነገሩ ያለው አያያዙ ላይ ነው ባይ ነኝ።

አሁን ያሰብኩት የጎበጠውን ወደ ላይ አድርጌ፣ ከሥሩ ያለውን ክፍተት በስስ ቆርቆሮ ሞልቼ፣ ማግኔቱን በትንሹ መክፈት ነው። ቆርቆሮው ትንሽ እንኳ ከበለጠ ብረቱን ወደ ላይ እንዳይገፋው እሰጋለሁ። ወይስ ማግኔቱ ብረቱን ጭራሽ ባይስበው ይሻላል? ዙሪያውን ከሱ ዝቅ ባሉ ብረቶች አጥሬ ብይዘው፣ በአንድ ዙር ስንት ማይክሮን ብቆርጥ አይፈናጠርም?

በዚህ ያለፈ ሰው ካለ፣ የትኛውን ገጽ ቀድሞ እንደሠራና በየስንት ዙሩ እንደገለበጠ ቢነግረኝ በጣም አመሰግናለሁ።