ከአሜሪካ የመጣው ሞደም ከስልክ መስመራችን ጋር አልገጥም አለ

የሆጤዋ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ቤት ያለው ኢንተርኔት በስልክ መስመር የሚገባ ኤዲኤስኤል ነው። ስልክ በተደወለ ቁጥር ዋይፋዩ ይቋረጣል፤ እናቴም ስታወራ ጆሮዋ ላይ «ሽሽሽ» ይልባታል። ወንድሜ ይሻላል ብሎ ከአሜሪካ ሞደም አመጣ። ከኋላው ግን የስልክ ሽቦ መሰኪያ የለውም፤ እንደ ዲሽ ገመድ የሚጠመዘዝ ክብ ነገር ነው ያለው። የዲሹን ገመድ ልሰካበት?

ሮቢት፦ ኧረ እንዳትሰኪው! በዲሹ ገመድ ኢንተርኔት አይመጣም፤ እንዲያውም ሪሲቨሩ በእሱ በኩል ወደ ኤልኤንቢው (ዲሹ ላይ ሲግናል ወደሚቀበለው ዕቃ) 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል። የመጣልሽ የኬብል ሞደም ነው። አሜሪካ ብዙ ቤት ኢንተርኔት የሚገባው በቴሌቪዥን ገመድ ነው፣ ኮአክሲያል በሚሉት። የእናንተ በመዳብ የስልክ ሽቦ ስለሚመጣ ኤዲኤስኤል ሞደም ይፈልጋል። ሁለቱ አይግባቡም።

ሸዋ በር፦ አዳፕተሩንም እዪው። 100-240 ካላለና 120 ብቻ ከሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል። የአባቴ ቴፕ እንዲህ ነው የሄደው።

የሆጤዋ፦ ሞደምና ራውተርስ አንድ ናቸው?

ጡረተኛው (ኮምቦልቻ)፦ አይደሉም ልጄ። ሞደም በመስመሩ የሚመጣውን ሲግናል ኮምፒውተር ወደሚገባው ይለውጣል፤ ራውተር ለየስልኩና ለየላፕቶፑ ያከፋፍላል። እኛ ጋ ሁለቱም በአንድ ሳጥን ስለሚመጡ ሰው በደፈናው «ዋይፋዩ» ይላል። ያንቺ ችግር ግን ከሞደሙ አይመስለኝም። ስፕሊተር አላችሁ? «ላይን»፣ «ፎን»፣ «ሞደም» የሚሉ ሦስት ቀዳዳዎች ያሉት ትንሽ ሳጥን ነው። የሰው ድምፅ ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ይጓዛል፣ ኢንተርኔቱ ከ25 በላይ፤ ስፕሊተሩ ይለያቸዋል። እሱ ከሌለ ጩኸቱ ስልኩ ውስጥ ይገባል፣ ስልኩ ሲጠራ ደግሞ ኢንተርኔቱ ይወድቃል።

የሆጤዋ፦ ጋሼ፣ አልጋውን ስቤ አየሁት። ከግድግዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ ያላት ነጭ ነገር ተሰክታለች፤ በአንዱ ስልኩ፣ በሌላው ሞደሙ። ምንም አልተጻፈባትም።

ጡረተኛው፦ እሷ መስመሩን ለሁለት ታካፍላለች እንጂ አታጣራም። አውጪያትና በምትኳ ስፕሊተር አድርጊ። የግድግዳውን ሽቦ «ላይን» ላይ፣ ስልኩንና ሞደሙን በየስማቸው ሰኪ። መኝታ ቤትም ሌላ ስልክ ካለ እሱም የራሱ ማጣሪያ ያስፈልገዋል፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

የሆጤዋ፦ ፒያሳ ወርጄ ስፕሊተር ገዛሁ። ሁለት ጊዜ አስደወልኩ፤ ሞደሙ ላይ ዲኤስኤል የሚለው መብራት እንደበራ ቆየ እንጂ አንዴም ብልጭ ድርግም አላለም። እናቴም «ዛሬ ልጄ አጠገቤ ሆኖ የሚያወራ ነው የሚመስለው» አለች። ዕድሜ ይስጥልኝ ጋሼ።