ወደ ሰመራ ከመውጣታችን በፊት፦ ቴርሞስታት ነው ወይስ ራዲያተር?

ሰላም፣ የመኪና ነገር የምታውቁ እርዱኝ። ከባሕር ዳር በወልዲያ፣ በኮምቦልቻና በባቲ አድርገን፣ ከሚሌ የድሮውን የአሰብ መንገድ ይዘን ልጆቹንና እናቴን ሰመራ ልወስድ ነው። ኮሮላዋ ከተማ ውስጥ ደህና ናት፤ የቤዛዊት ዳገት ላይ ኤሲ ሲከፈት ግን የሙቀት ጌጁ ከግማሽ ያልፋል። ፋኑ ይነሳል። የላይኛው የራዲያተር ጎማ እጅ አያስነካም፣ የታችኛው ለብ ያለ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲበርድ ጎማው ይጨማደዳል፣ ከመጠባበቂያው ጠርሙስም ውሃ አይመለስም፤ ለዚህኛው የራዲያተሩን ክዳን እቀይራለሁ።

ጋራዥ «ቴርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ቫልቭ) አውጥተህ ጣለው» ይላሉ፤ እኔ ግን አላመንኩበትም። ራዲያተሩ ተደፍኖ ቢሆንስ በምን ይለያል? ቴርሞስታቱን ፈላ ውሃ ውስጥ ልሞክረው ብል፣ እዚህ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ 82 የተጻፈበት ሙሉ በሙሉ ይከፈታል? ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ ለአፋር ሙቀት ይሆናል? በጣም የሚያሰጋኝ የመልስ ጉዞው ነው፤ በዚያ ሙቀት፣ ሰው ሞልቶ፣ የባቲን ዳገት መውጣት።