የሌሊት ጉዞ የመብራትና የኮምፓስ ደንብ፦ ለጉባኤው የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሃይፋ (እስራኤል) ወደ ላርናካ (ቆጵሮስ) በሸራ ጀልባችን የምናደርገው የሌሊት ጉዞ ሳይደርስ የግል መብራት ደንባችን በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ርቀቱ ወደ 143 የባሕር ማይል ነው። በሰዓት 5 ማይል ተኩል ብንሄድ 26 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ አንድ ሙሉ ሌሊት ባሕር ላይ ነን ማለት ነው። በእጃችን ያለው ረቂቅ ይህ ብቻ ነው፦ «ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ንጋት ከጓዳ ወደ ላይ የሚወጣ ሁሉ ሦስት መብራት ይያዝ፤ አንዱ ጃኬቱ ላይ፣ አንዱ ግንባሩ ላይ፣ አንዱ ኪሱ ውስጥ።» የሚጨመር፣ የሚቀነስ፣ የሚታረም ካለ እዚሁ ጻፉ። ሐሙስ ማታ አጠናቅሬ ለጉባኤው አቀርባለሁ።

የኤሌክትሪክ ተጠሪ፦
መብራቱን እደግፋለሁ፤ ቁጥሩን ግን እንዲሁ አንቀበለው። ስድስት ሰው ሦስት ሦስት ቢይዝ አሥራ ስምንት መብራት ነው፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ውስጥ ማግኔት አለ። ውኃ እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ የእጅ ባትሪ ብዙ ጊዜ ማብሪያው በማግኔት ነው የሚሠራው፤ ቀለበቱን ስታዞሩት ወይም ስትገፉት ከውጭ ያለው ማግኔት ውስጥ ያለውን ማብሪያ ይስበዋል፤ ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ አያስፈልግም። ኮፍያ ጠርዝ ላይ በማግኔት የሚያዝ መብራት፣ ጀርባው ብረት ላይ የሚለጠፍ ባትሪ፣ የቻርጀሩ ገመድ በማግኔት የሚገጠም የግንባር መብራት፣ ሁሉም አንድ ናቸው።

ኮምፓስ የምድርን ማግኔት ከሌላው ለይቶ አያውቅም፤ የሁሉንም ድምር ነው የሚከተለው። በእኛ ባሕር የምድር ማግኔት አግድም ጉልበት 30 ማይክሮቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ከጎን 2 ማይክሮቴስላ ብቻ ቢጨመርበት ካርዱ፣ ማለትም ቁጥር የተጻፈበት የኮምፓሱ ክብ ሰሌዳ፣ ወደ 4 ዲግሪ ይዞራል። ጀልባዋ ላይ ተተክሎ የማይነቃነቅ ብረት ቢሆን ስህተቱን በሠንጠረዥ ይዘን እናርመው ነበር። ሰው ላይ ያለ ማግኔት ግን ከሰውየው ጋር ይንቀሳቀሳል፤ መሪ ያዡ ጎንበስ ሲል ሌላ፣ ቀና ሲል ሌላ፣ ተረኛው ሲቀየር ደግሞ ሌላ ነው። ሠንጠረዥ አያርመውም።

የመርከበኞች ተወካይ፦
ጋሼ፣ ጥያቄዬ ከአክብሮት ጋር ነው። ጂፒኤስ እያለ ለአራት አምስት ዲግሪ ይህን ያህል መጨነቅ አለብን? ስክሪኑ የት እንዳለን በየሰከንዱ ይነግረናል እኮ።

የመስመር ቀያሽ፦
ወንድሜ፣ በሌላ ባሕር ቢሆን ጥያቄህ ሚዛን ይደፋ ነበር። በምሥራቃዊ ሜዲትራኒያን ግን ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የጂፒኤስ ምልክት በተደጋጋሚ እየታወከ ነው። በ2024 እዚሁ አካባቢ ያሉ መርከቦች ስክሪን ላይ ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ቆመው ይታዩ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የሚቀረን ኮምፓስ፣ የፍጥነት መለኪያና ሰዓት ነው። መንገዳችን በእውነተኛው ሰሜን ሲለካ 332 ገደማ ነው፤ በዚህ አካባቢ ማግኔታዊው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል በኮምፓስ 327 ይሆናል። በዚያ ላይ 5 ዲግሪ ሳናውቀው ብንሳሳት 143 ማይል ስንጨርስ ከመስመራችን 12 ማይል ተኩል ወጥተናል።

ሌላም አለ። ሰው ባሕር ሲወድቅ በመጣንበት አቅጣጫ ዞረን ለመመለስ የምናነበው ኮምፓሱን ነው። ሁሉም ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ፣ ባትሪ ጨብጦ መሪው ዙሪያ የሚሰበሰበውም ያን ጊዜ ነው። ኮምፓሱ ከሁሉ በላይ በሚያስፈልግበት ደቂቃ ከሁሉ በላይ ይሳሳታል። የደንቡ ዋና ምክንያት ይኼ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

የመርከበኞች ተወካይ፦
ገባኝ፤ ጥያቄዬን አንስቻለሁ። እንግዲያው ማግኔት ያለበትን መብራት ጨርሶ እንከልክል?

የደህንነት ተጠሪ፦
እንዲህስ አይሁን። በሰዓት 6 የባሕር ማይል የምትሄድ ጀልባ በአንድ ደቂቃ 185 ሜትር ትርቃለች። ሸራ አስተካክለን እስክንዞር ሦስት ደቂቃ ብንወስድ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በማዕበል ውስጥ የሰው ጭንቅላት በዚያ ርቀት ያለ መብራት አይታይም። ማግኔት ፈርተን ሰውን በጨለማ ልንተወው አይገባም።

ሦስቱን መብራቶች እንደ ሥራቸው እንለያቸው። የጃኬቱ መብራት የሚያገለግለው ውኃ ውስጥ ነው፤ ጀልባ ላይ እያለን አይበራም። ዓለም አቀፉ መስፈርት ቢያንስ 0.75 ካንዴላ ብርሃን ለ8 ሰዓት እንዲሰጥ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነም በደቂቃ ከ50 እስከ 70 ጊዜ እንዲሆን ይጠይቃል። ውኃ ሲነካው ራሱ የሚበራውን እንግዛ፤ የወደቀ ሰው እጁ ደንዝዞ ማብሪያውን መፈለግ ሊያቅተው ይችላል። ኪስ ውስጥ የሚያዘው የእጅ ባትሪ በክር ጃኬቱ ላይ ይታሰር፤ የወደቀው ሰው ወደ ጀልባዋ እንዲያበራበት ነው። የግንባር መብራቱ ግን ለጓዳ ሥራ እንጂ ለደህንነት አይደለም፤ ከግዴታው እንዲወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ አንድ ሰው ቀና ብሎ ነጭ የግንባር መብራቱን ፊታችን ላይ ቢያበራ ያ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠፋል።

በሳተላይትና በኤአይኤስ (መርከቦች ማንነታቸውንና ቦታቸውን በሬዲዮ የሚለዋወጡበት ሥርዓት) እርዳታ የሚጠሩ የግል አስተላላፊዎችንም አንርሳ። የኤአይኤሱ ቦታውን የሚያገኘው ከጂፒኤስ ነው፤ ምልክቱ ከታወከ የተሳሳተ ቦታ ሊልክ ይችላል። ያኔ ዓይናችን የሚያየው መብራት ነው የሚቀረን። ስለዚህ አስተላላፊ የያዘ ሰው ከመብራት ነፃ ይሁን የሚል ሐሳብ ቢመጣ እቃወማለሁ።

የኤሌክትሪክ ተጠሪ፦
እታለም፣ በሁሉም እስማማለሁ፤ የግንባር መብራቱ መውጣቱ ግማሹን ችግር ያቃልላል። የቀረውን በሙከራ እንለየው። አሠራሩ ይህ ነው።

ጀልባዋ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ከፊትም ከኋላም ጠበቅ ተደርጋ ትታሰር። የምንለካው ለውጡን ብቻ ስለሆነ በአቅራቢያ የቆመ ብረት አያሳስበንም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ግን አይኑር። ሞካሪው ሰዓቱን፣ ስልኩን፣ ቁልፉንና ሰንጢውን አስቀምጦ ይምጣ። ርቀት በብረት ሜትር አይለካ፤ ራሱ ካርዱን ያዞረዋልና የእንጨት ማስመሪያ ወይም በየ10 ሳንቲ ሜትር የተቋጠረ ክር ይበቃል። ዕቃው ከ1 ሜትር ተጀምሮ ወደ 50፣ 30፣ 20፣ 10 ሳንቲ ሜትር ይቅረብ፤ በእያንዳንዱ ርቀት ካርዱ እስኪረጋ ይጠበቅ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዕቃውን በሰሜን በኩል በአንድ አኳኋን ብቻ ይዞ «ምንም አልነቃነቀም» ብሎ ያልፋል። የማግኔቱ ጉልበት ከሰሜን ደቡብ መስመር ጋር ከገጠመ ካርዱ አይዞርም፤ ማግኔቱ ግን አለ። ስለዚህ ዕቃው ከኮምፓሱ ምሥራቅና ምዕራብ ሆኖ በሁሉም ጎኑ እየተገላበጠ ይፈተሽ፤ አንዴ በርቶ፣ አንዴ ጠፍቶ። ካርዱን 1 ዲግሪ ያዞረበት ርቀት ይመዝገብና እጥፉ የዚያ ዕቃ ወሰን ይሁን። እጥፍ የምለው በምክንያት ነው፤ የትንሽ ማግኔት ጉልበት ርቀቱ ሲታጠፍ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በ10 ሳንቲ ሜትር 16 ዲግሪ የሚያዞር በ20 ወደ 2 ዲግሪ፣ በ40 ሩብ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚያዞረው። መከልከል ሳያስፈልግ ርቀት የሚበቃውም ለዚህ ነው።

ለባሕር በተሠሩ መሣሪያዎች መመሪያ ላይ የኮምፓስ አስተማማኝ ርቀት በቁጥር ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ነው፤ ትልቁ ለዋናው ኮምፓስ፣ ትንሹ ለመሪው። የካምፕ ባትሪዎች ላይ ይህን አትጠብቁ።

የመርከበኞች ተወካይ፦
ማግኔት የሌለው ባትሪስ?

የኤሌክትሪክ ተጠሪ፦
እሱም ይፈተሽ። የአልካላይን ድንጋይ ቅርፊቱ ብረት ነው፤ ኮምፓሱ ላይ ከተደገፈ ያዞራል። ጃኬቱን የሚነፋው የጋዝ ሲሊንደርም ብረት ነው፤ መሪ ያዡ ቁጥር ለማንበብ ሲያጎነብስ ደረቱ ላይ ያለው ሲሊንደር ኮምፓሱ አፍንጫ ሥር ይገባል። ስለዚህ ጃኬቱ ተለብሶ በማንበቢያ አኳኋን ይሞከር፤ የእያንዳንዱ መሪ ያዥ ለየብቻ።

የዕቃ ክፍል ኃላፊ፦
ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር ልጨምር። የአውቶፓይለቱን (ጀልባዋን ራሱ የሚመራውን መሣሪያ) ኮምፓስ ማንም አያየውም፤ በስተቀኝ ካለው ሳጥን ጀርባ ነው ያለው። ትርፍ ጃኬቶችን ከነሲሊንደራቸው፣ የመሣሪያ ሣጥኑን፣ አንዳንዴም የሙዚቃ ድምፅ ማጉያውን የምናስቀምጠው እዚያው ነው። ጀልባዋ ስታዘነብል ዕቃው ይንሸራተታል፤ አውቶፓይለቱም ዕቃውን ተከትሎ መንገዱን ያጣምማል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን አይለወጥም። ሳጥኑ ባዶ ይሁን፤ ልብስና ገመድ ብቻ ይግባ። ተረኛውም በየሰዓቱ የመሪውን ኮምፓስና የአውቶፓይለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፍ። የሁለቱ ልዩነት ድንገት ከተለወጠ አንድ ነገር ወደ አንዱ ቀርቧል ማለት ነው።

የመስመር ቀያሽ፦
ጥሩ ሐሳብ ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ ሌላ ማረጋገጫ አለን። የሰሜን ኮከብ ከእውነተኛው ሰሜን ከአንድ ዲግሪ በላይ አይርቅም፤ በእኛ ኬክሮስ 33 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። የጀልባዋን አፍንጫ ወደ እሱ አዙረን ስናነብ መሪው ኮምፓስ 355 አካባቢ ማሳየት አለበት። 345 ካለን ያለ ምንም ስክሪን ስህተቱን አውቀናል፤ ያኔ መጀመሪያ የመሪ ያዡ ኪስ ይፈተሽ።

የኤሌክትሪክ ተጠሪ፦
አጭር ጭማሪ ከሽቦ በኩል። አንድ አምፔር የሚያልፍበት ነጠላ ሽቦ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት 2 ማይክሮቴስላ ይፈጥራል፤ ቀድሞ ያልኳችሁ 4 ዲግሪ ነው። መሪው ዓምድ ላይ ያለው የስልክ መሙያ ሁለቱ ሽቦዎች ተለያይተው ነው የሄዱት። ሄያጁንና ተመላሹን አንድ ላይ ብንገምዳቸው ይሰራረዛሉ። የኮምፓሱ መብራት ሽቦም እንደዚሁ ይገመድ፤ አምፖሉም በደብዛዛ ቀይ ይተካ።

ጸሐፊ፦
እስካሁን የተባለውን ይዤ ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

«ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ንጋት ከጓዳ ወደ ላይ የሚወጣ ሁሉ ውኃ ሲነካው የሚበራ መብራት ያለው ጃኬትና በክር የታሰረ የእጅ ባትሪ ይያዝ። አስተላላፊ መያዝ ከዚህ ነፃ አያደርግም። የግንባር መብራት በጓዳ ውስጥ ብቻ፣ በቀይ ብርሃን። ማንኛውም መብራት፣ ስልክና ጃኬት ከጉዞው በፊት በኮምፓሱ ይፈተሻል፤ ያለፈው አረንጓዴ፣ ወሰን ያለው ቀይ ፕላስተር ይለጠፍበታል። ቀይ ያለበት ከመሪው ኮምፓስ ከ1 ሜትር አይቀርብም፤ ወሰኑ ከዚያ ከበለጠ በወሰኑ ይያዛል። ሰው ሲወድቅ መሪው አጠገብ መሪ ያዡ ብቻ ይቆማል፤ የሚያበሩትና የሚጠቁሙት ወደ ጎን ይወጣሉ። የአውቶፓይለቱ ሳጥን ብረት አይገባበትም። ሁለቱ ኮምፓሶች በየሰዓቱ ይመዘገባሉ።»

የደህንነት ተጠሪ፦
ሁለት እርማት አለኝ። «ይፈተሻል» የሚለው የጃኬቱን መብራት ውኃ ውስጥ ነክሮ ማየት ተደርጎ እንዳይወሰድ። አንዳንዶቹ ድንጋያቸው በውኃ የሚነቃ የአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ከራሰ አለቀ። መሞከሪያ ቁልፍ ያለው በቁልፉ ይሞከር፤ የሌለው የማብቂያ ቀኑ ይነበብ፣ መቋጠሪያው ይታይ። ጃኬቶች ርጥብ ወለል ላይ አይጣሉ፤ ይሰቀሉ፤ አለበለዚያ ሌሊቱ ሳይመጣ በርተው ያልቃሉ።

ሁለተኛው፣ ምሰሶ ጫፍ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ኃይለኛ መብራት ይጨመር የሚል ሐሳብ በቃል ሰምቻለሁ። የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ ቁጥር 36 እንዲህ ያለው መብራት እንዲቀር ይመክራል፤ ቁጥር 20 ደግሞ ከጉዞ መብራት ጋር የሚምታታ ሌላ መብራት ይከለክላል። ምሰሶው ላይ ባለሦስት ቀለሙ የጉዞ መብራት ብቻ ይቆይ።

ጸሐፊ፦
ሁለቱም ገብተዋል። ሙከራው ዓርብ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ነው። የዕቃ ክፍል ሳጥኑን ከዋዜማው ባዶ ያድርግልን፤ ጋሼ የእንጨት ማስመሪያውንና ሁለቱን ፕላስተር ይዘው ይምጡ። እያንዳንዳችሁ በሌሊት የምትለብሱትንና የምትይዙትን ሁሉ፣ መነጽርና ሰንጢ ሳይቀር፣ በአንድ ቦርሳ አምጡ።